ሞጣ ላይ የቀሩት ፎቶዎች

ሐሙስ ነበር፤ ታኅሣሥ ውስጥ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። የፕሪንተር ቀለም ገዝቼ ቢቸና ወዳለው ቢሯችን ስመለስ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ አቶ ዳኘው እያጨበጨቡ ተቀበሉኝ።

«ማስተዋል! ነይማ እዪው! አንቺን ላላስቸግር ብዬ ራሴ ሠራሁት!»

አቶ ዳኘው ኃላፊያችን ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ድረ ገጻችን አናት ላይ ከመስከረም ጀምሮ የከረመው «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ባነር ተነሥቶ፣ በቦታው «ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሌላ ባነር ተተክቷል። ዳር ዳሩ ቢጫ አበባ ነው። ፊደሎቹ ጥላ አላቸው። ጥላውም ጥላ አለው።

«ያምራል ጋሼ» አልኩ።

እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይቀባ ነገር የለም። ያን ሰሞን ሞጣ ያለው የሙከራ ጣቢያችን አጥር ኖራ ተቀብቶ፣ በግቢው ያሉት ዛፎች ሳይቀሩ እስከ ጉልበታቸው ነጭ ካልሲ አጥልቀው ነበር። ያልተቀባው ድረ ገጹ ብቻ ነበር፤ እሱም ይኸው ተቀባ።

ታሪኩን ከመቀጠሌ በፊት ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቢሯችን የጤፍ ዘር እያባዛ ለገበሬ የሚያደርስ ትንሽ ፕሮጀክት ነው። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርቶት የሄደውን የድረ ገጽ ሥርዓት እንድጠብቅ ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ አጣርቼ ነው የምሠራው። መናገር ላይ ግን አልሆንም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማልችል፣ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው ወርጄ፣ የቀረውን በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስብሰባ ላይ ደግሞ «ግን…» እልና፣ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ «ምንም አይደለም» ብዬ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደዚያ ጠዋት እንመለስ። የባነሩን ማማር እየመሰከርኩ ሳለ ሐያት የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ገባች። ሐያት የሰብል ባለሙያችን ናት፤ ከከሚሴ ተመድባ የመጣች። ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። እሷ በምታወራው ልክ እኔ ዝም ስለምል ተጣልተን አናውቅም።

«አቶ ዳኘው ሰዓሊ ሆነዋል አሉኝ» አለች። «እስቲ የኔን ጤፎች ክፈቱልኝ፤ የነገውን ቅደም ተከተል ልይ።»

የሐያት ጤፎች የሚባሉት ፎቶዎች ናቸው። ከሐምሌ ጀምሮ በየሳምንቱ ሞጣ እየሄደች፣ ጭቃ ውስጥ እየገባች፣ ጎን ለጎን የዘራቻቸውን የጤፍ ዓይነቶች ፎቶ ታነሣ ነበር። መስከረም ላይ ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ወረደና ጤፉ ሁሉ ጋሸበ፤ መሬት ላይ ተነጠፈ። አንዱ ብቻ ቆሞ ቀረ። እሱም ከላይ የተላከልን የተሻሻለ ዘር ሳይሆን፣ የሞጣ አካባቢ ገበሬዎች ከአባቶቻቸው ተቀብለው ያቆዩት ዘር ነበር። በነጋታው ዓርብ ሞጣ የሚመጡት እንግዶች ደግሞ ለሚቀጥለው ክረምት የትኛው ዘር ይባዛ የሚለውን የሚወስኑ ናቸው። ጤፉ ታጭዶ ተወቅቷል፤ ማሳው ላይ ያለው ከብት ነው። «አንዱ ብቻ ቆሞ ቀረ» ብላ ብትናገር ማን ያምናታል? ማስረጃዋ ፎቶው ብቻ ነው።

አቶ ዳኘው በኩራት የሞጣን ገጽ ከፈቱላት። ጽሑፉ አለ። የማሳው ስም፣ የሐያት ማስታወሻ፣ ሁሉም አለ። ፎቶ መሆን በነበረበት ቦታ ግን ጫፏ የተቀደደ የምትመስል ትንሽዬ የወረቀት ምልክት ብቻ። ወደ ታች ወረዱ፤ ሌላ የተቀደደች ወረቀት። ደግሞ ሌላ።

«ኔትወርክ ነው» አሉ አቶ ዳኘው።

ኔትወርክ ሊሆን አይችልም። ድረ ገጹ ያለበት ሰርቨር ከወንበራቸው ጀርባ የተቀመጠው ሳጥን ነው።

«ጋሼ…» አልኩ። «አዲሱን ሲጭኑ… አሮጌውን ፎልደር…»

«አጠፋሁታ! አንቺ ስትሠሪ አይቼሽ የለ? ማቆም፣ አሮጌውን ማጥፋት፣ አዲሱን መጫን፣ ማስነሣት። ቀላል ነው፤ ለካ ለዚህ ነው ደመወዝ የምንከፍልሽ!»

ሳቁ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ምግብ ቤት ገብታችሁ ጥብስ ስታዙ አስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፤ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ሥጋ ይጠበሳል። ውኃ ስታዙ ግን ወጥ ቤት መግባት አያስፈልገውም፤ ከመደርደሪያው አንሥቶ ይሰጣችኋል። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። በጃቫ የሚሠራው ክፍል ገጹን በየጥያቄው ያበስላል። ፎቶ፣ ባነር፣ ቀለምና የመሳሰለው ግን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ሰርቨሩ ከመደርደሪያ አንሥቶ ማቀበል ብቻ ነው ሥራው። ጥያቄው ሁሉ የሚገባው በአንድ በር ስለሆነ፣ በረኛው «ይህ የሚበስል ነው ወይስ የመደርደሪያ?» ብሎ ይለያል።

የእኛ ሥርዓት ችግር፣ መደርደሪያው ቤቱ ውስጥ በግድግዳው ላይ የተሠራ መሆኑ ነበር። ባነር ለመቀየር እንኳ ቤቱ በሙሉ ፈርሶ አዲስ ይተከላል። ሐያት የምታስገባቸው ፎቶዎች ደግሞ የሚቀመጡት እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። እኔ አፍርሼ ከመትከሌ በፊት የፎቶዎቹን ፎልደር ወደ ጎን አውጥቼ፣ ኋላ መልሼ አስገባ ነበር። ይህች እርምጃ ድምፅ የላትም፤ እኔም ሳደርጋት አልናገርም። አቶ ዳኘውም አላዩዋትም። መደርደሪያውን ለዘለቄታው ከቤቱ ውጭ እንትከል ለማለት ስብሰባ ላይ የጀመርኩት «ግን…» ደግሞ እንደሌሎቹ «ምንም አይደለም» ሆኖ ቀርቷል።

«ስልክሽ ላይ አሉ አይደል?» አልኳት ሐያትን።

«ስልኬ አንድ ፎቶ ለማንሣት አንድ ፎቶ አጥፊ የሚል ስልክ ነው» አለች። «አስገባለሁ፣ አጠፋለሁ። ገብቷል ካለኝ ገብቷል ብዬ።» ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሐያት ሻይ ሳትጨርስ ስታስቀምጥ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው ያየሁት።

የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አስኬድኩ። ሲለፋ ቆይቶ ያመጣልኝ የአቶ ዳኘውን ባነር ሦስት ያልተጠናቀቁ እትሞች ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍትልን ፕሮግራም፣ ያየውን ፎቶ እሱም በጓዳው ያስቀምጣል። የእኔ ኮምፒውተር? ሥራዬ የቅርብ ለውጥ ማየት ስለሆነ፣ ምንም እንዳያስቀምጥ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። የአቶ ዳኘው? አዲሱ ባነር አልታይ ስላላቸው ጠዋት ጠራርገው አጥፍተውታል። የሐያት ስልክ? እሱስ ተነግሯል።

ሞጣ!

ሞጣ ኔትወርኩ ቀጭን ነው። ፎቶ ያለበት ገጽ እስኪከፈት ሰው እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ስለዚህ ሐምሌ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ሰርቨሩ ፎቶ ወይም ባነር ባቀበለ ቁጥር ለብራውዘሩ «ይህን ለአንድ ዓመት እቤትህ አስቀምጥ፤ ድጋሚ መጥተህ አትጠይቀኝ» እንዲለው። ከዚያ ወዲህ የሞጣው ኮምፒውተር አንዴ ያየውን ፎቶ ከራሱ ጓዳ ነው የሚያወጣው። ቢቸና ይኑር አይኑር አያውቅም፤ አይጠይቅምም።

«ጋሼ! ሞጣ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሊኖሩ ይችላሉ!»

አቶ ዳኘው ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

«ሞጣ…» አሉ። «ጠዋት ለምናለ ደውዬለት ነበር። ባነሩን እየው ስለው ‹ኧረ እኔ ጋ አሁንም አዲስ ዓመት ነው› አለኝ። የብራውዘሩን ኮተት ሁሉ አጥፋ፤ ማስተዋል አሳይታህ የለ፤ ነገ እንግዳ እያየ አዲስ ዓመት እንዳይለን አልኩት። እያወራን መብራት ጠፋባቸው። ሲመጣ አጠፋዋለሁ አለኝ።»

ጋሽ ምናለ የሞጣ ጣቢያ ንብረት ክፍል ናቸው። ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። መብራት ከሌለ ስልክም ይሞታል። የጣቢያው ሒሳብ ሠራተኛ ስልክም እንደዚያው። ያ ማለት፣ የሐያት ጤፍ ዕድሜ የሞጣ መብራት እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። በሕይወቴ መብራት እንዳይመጣ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የሞጣ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

የቢሮው መኪና አቶ ዳኘውንና ሐያትን ይዞ እንግዶቹን ለመቀበል ደጀን ሊወርድ ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«እሄዳለሁ» አልኩ።

«አንቺማ ቢሮ ጠብቂ። ዛሬ ሌላ ነገር ቢበላሽስ?» አሉ አቶ ዳኘው።

«አይ ጋሼ። እሄዳለሁ።»

ድምፄ ከትንኝ ድምፅ አይበልጥም ነበር፤ ግን ቦርሳዬን አንሥቼ ነበርና ተሰማ። ሐያት እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። ስንለያይ አንገቴን አቅፋ፣ «ማስቴ፣ እንደ ልማድሽ ‹ሥራ ይዘዋል› ብለሽ በር ላይ ቆመሽ እንዳትጠብቂ። ግቢ። እባክሽ ዝም ብለሽ ግቢ» አለችኝ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀመጥን። ከአጠገቤ አዲስ ሰማያዊ ሳፋ ያቀፉ ወፍራም ሴትዮ አሉ። ጉዞ ስንጀምር እየደጋገምኩ ስልኬን ሳይ አዩኝና «ምነው ልጄ?» አሉ።

«ሞጣ ቶሎ ካልደረስኩ… የሚጠፋ ነገር አለ» አልኩ በሹክሹክታ።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሾፌሩ ቆመና «ምሳ!» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ ከሞጣ የመጣ ሌላ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሮቹ በመስኮት ተነጋገሩ።

«ሞጣ መብራት አለ?»

«አሁን ስወጣ መጣ።»

«እባክዎ፣ ሾፌሩን ይንገሩልኝ…» አልኳቸው ሴትዮዋን።

ሴትዮዋ ሳፋቸውን እንደ ከበሮ ደበደቡት። «አንተ ሾፌር! ምን ምሳ ትላለህ! ይህች ልጅ ሞጣ የሚሞትባት አለ!»

«እትዬ፣ ሰው እኮ አይደለም፣ ፎቶ ነው» አልኩ በጆሯቸው።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉኝ እሳቸውም በጆሮዬ። «ለፎቶ ብሎ ማን ምሳውን ይተዋል?»

ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። ፊቴ በእርግጥም አስከሬን ሳይመስል አልቀረም። ወዲያው ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ በኋላ የተከተለውን አትጠይቁኝ። ከፊት ያሉት «እግዜር ይድረስላት» ይላሉ፤ ከኋላ አንዱ ሙዝ አቀበለኝ፤ አንዲት እናት «እናትሽ ናት?» ብለው እንባ አቀረሩ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ድምፄ አልወጣም፤ እነሱም ሐዘን ነው ብለው ይብስ አዘኑልኝ። ሾፌሩ ኩርባውን ሁሉ እንደ አምቡላንስ ይጠመዝዛል።

ሞጣ ገባን። የጣቢያችን ኖራ የተቀባ አጥር ከሩቅ ታየኝ፤ ቀረበ፤ አለፈ። ሾፌሩ አይቆምም። ወዴት እንደሚሄድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰው የሚሞትባትን ልጅ የት ያደርሷታል? ሆስፒታል ነዋ!

አጥሩ ከኋላ እያነሰ ሄደ። ሴትዮዋን አየሁ፤ ሳፋቸው ላይ ተደፍተው አንቀላፍተዋል። የሚናገርልኝ አልነበረም።

«ወራጅ አለ!»

ማን እንደጮኸ ለማየት ራሴም ዞር ያልኩ ይመስለኛል። ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ። «ሆስፒታሉ ገና ነው እኮ እህቴ!»

«እዚህ ነው! እግዜር ይስጥልኝ! ማንም አልሞተም!» አልኩና ሙዜን ይዤ ሮጥኩ። ከኋላዬ «ተመስገን!» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ እስካሁንም ያስቀኛል።

ግቢው ጸጥ ብሏል። የቢሮው አምፖል በቀን ቦግ ብሎ በርቷል። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል። ገፋ አድርጌ አየሁ።

ሦስት ሰዎች ኮምፒውተሩን ከበው ቆመዋል፤ ጋሽ ምናለ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ዓለምነሽ እስክሪብቶ ይዛ፣ ጥበቃው ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ። ጋሽ ምናለ ስክሪኑን ጮክ ብለው ያነባሉ።

«‹የተቀመጡ ምስሎችና ፋይሎች› ይላል። መጠኑም ተጽፏል። እንግዲህ ምስልም ፋይልም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ፣ በስልክ ትእዛዝ ብቻ አላስወግድም ብዬ ነው እናንተን የጠራሁት። ዓለምነሽ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍረሻል?»

«አስፍሬያለሁ ጋሽ ምናለ። ቶሎ በሉ፣ መውጫችን ደርሷል።»

«እሺ። የኮሚቴው አባላት በዓይናችሁ አይታችኋል። ይወገድ በሚለው ላይ ተቃውሞ ያለው?»

ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። «የለም።»

«ተቃውሞ ከሌለ…» አሉ ጋሽ ምናለ፤ እጃቸው ወደ ማውሱ ሄደ።

በር ላይ ቆሜያለሁ። ሥራ ይዘዋል። ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ ስብሰባ አላቋርጥም፤ አቋርጬም አላውቅም።

«አለኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ተቃውሞ አለኝ! እጅዎን ያንሡ!»

ጋሽ ምናለ እጃቸውን ከማውሱ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ አነሡ፤ ሁለቱንም። ጥበቃው ኮፍያውን ጣለ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ምናለ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «አንቺ የኮሚቴው አባል አይደለሽም።»

«ዛሬ ነኝ ጋሽዬ።»

ነገሩን እየተንተባተብኩ ስነግራቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር! ንብረት ያለ ኮሚቴ ይወገዳል? የት አገር?»

«ከዚህ በፊት ገጹ ሲያስቸግርዎት አጥፉት ብዬ አሳይቼዎት አልነበር?»

«አሳይተሻል። እሺ ብዬሻለሁ። ነክቼው ግን አላውቅም» አሉ፤ ሳያፍሩ።

መጀመሪያ የብራውዘሩን ጓዳ እንዳለ በፍላሽ ቀዳሁት። ቀጥሎ በሌላ ፍላሽ። ከዚያ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ የሞጣን ገጽ ከፈትኩ። ጽሑፉ ከቢቸና እያዘገመ መጣ፤ ፎቶዎቹ ግን ከዚያው ከጠረጴዛው ሥር ብልጭ ብለው ወጡ። ሐምሌ፤ ጥቁር አፈርና ጭቃ። ነሐሴ፤ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ።

ሁሉም አልተረፉም። ማንም ከፍቶ ያላያቸው ገጾች ላይ ያቺው የተቀደደች ወረቀት ብቻ ነበረች። ጓዳው የሚያስቀምጠው የታየውን ነው፤ ያልታየው አልተቀመጠም። ወደ መስከረም ወረድኩ። የዝናቡ ሳምንት ገጽ ማን አይቶት ያውቃል?

ገጹ ተከፈተ። ከዳር እስከ ዳር የተነጠፈ ጤፍ፣ እንደ ተረገጠ ምንጣፍ። መሐል ላይ አንድ መደብ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጎኑ ደግሞ ጃንጥላ የያዙ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ሰው ቆመዋል።

«እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ምናለ። «ያን ቀን ለሐያት ጃንጥላ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ለመጣው ሰው ሁሉ ከፍቼ አሳያለሁ። ጠዋት ጠዋትም ለራሴ አየዋለሁ።»

ወይዘሮ ዓለምነሽ ሳቀች። «እኔስ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ሱሪያቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ!»

ሐያት ጋ ደወልኩ። «አሉ» አልኳት፣ በመኪናው ድምፅ ላይ ጮክ ብዬ። «ጃንጥላውም አለ?» አለች።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ስለ ኮምፒውተር ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላም ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም፤ ይህን ጽሑፍ እንኳ ልላክ አልላክ እያልኩ ሳመነታ ከርሜ ነው የላክሁት። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ድሮ የእኔ ዝምታ የሚጎዳው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ታክሲ አሳልፎኝ በእግሬ ብመለስ የሚደክመው የእኔ እግር ነው። ለካ ሳልጨርስ የተውኩት «ግን…» የሰው ጤፍ ያጋሽባል። ደግሞ ሌላም ነገር አየሁ። ሰው ሁሉ እንደ እኔ ጥንቁቅ የሚሆነው በየራሱ መንገድ ነው፤ እኔ በኮድ፣ ጋሽ ምናለ በኮሚቴ። እናንተም መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥግ ይዛ «ምንም አይደለም» የምትል ልጅ ካለች፣ አንዴ «ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ያቺ ልጅ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ሴትዮዋ አንቀላፍተዋል፤ አጥሩ እያለፈ ነው።

ሞጣ አድሬ፣ ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ጣቢያው ገባሁ። ከሞጣ ሆኜ ቢቸና ያለውን ሰርቨር ከፍቼ፣ ለፎቶዎቹ ከቤቱ ውጭ አዲስ መደርደሪያ ተከልኩላቸው፤ በረኛውንም ፎቶ ሲጠየቅ ወደዚያ እንዲመራ ነገርኩት። ጥቂት መስመር ናት። የተረፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ መልሼ ስሰድ እንግዶቹ ደረሱ። አቶ ዳኘው እየመሩ አስገቧቸውና በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የወጣውን ገጽ ሲያዩ ክው አሉ። «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» ይላል፤ በታኅሣሥ።

«ማስተዋል!» አሉ በጥርሳቸው መሐል። «አጥፊልኝ ይህን! አሁኑኑ!»

«አይጠፋም ጋሼ» አልኩ፤ እንግዶቹ በሚሰሙት ድምፅ። «ለአዲሱ ባነር ሌላ ስም እሰጠዋለሁ።» ስሙን ለወጥኩት። ብራውዘሩ ይህን ስም አያውቀውምና ቢቸና ሄዶ አመጣው፤ ጥላ ያላቸው ፊደሎች፣ ጥላው ራሱ ጥላ ያለው፣ ከእነ ቢጫ አበባው።

«አሮጌውስ?» አሉ አቶ ዳኘው።

«እሱን ለማስወገድ ኮሚቴ ያስፈልጋል።»

ጋሽ ምናለ ከጥግ ሆነው ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

ከዚያ የዝናቡን ሳምንት ገጽ ከፈትኩ። ከእንግዶቹ መሐል ሽበት ያላቸው አንድ ሰው ወንበራቸውን ትተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ የቆመውን መደብ በጣታቸው ነኩት።

«ይህች ብቻዋን የቆመችው ምን ዓይነት ናት?» ብለው ጠየቁ።

ሐያት ተነሣች። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዓይኗ ሞላና አንድ ቃል ማውጣት አቃታት። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ወደ እኔ ዞረች።

እኔም ነገርኳቸው።